ከሞሮኒ የተነሳው አውቶብስ

መምህር ዕንባቆም የሞቱት ከአራት ደሴቶች አጠገብ ነው፤ ያውም ሆሳዕና ከተማ፣ ባሕር በሌለበት አገር።

ደሴቶቹ የሲሚንቶ ናቸው። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ባለፈው ዓመት ግቢያቸው ውስጥ የበር ስፋት ያህል ገንዳ ሠርተው፣ ውሃ ሞልተው፣ ኮሞሮስ የምትባለውን፣ ዋና ከተማዋ ሞሮኒ የሆነችውን አገር ደሴት በደሴት አብጅተው አስቀምጠውበታል። ጎረቤቱ «ሽማግሌው ጃጁ» እያለ ስቆባቸዋል። ለማን እንደሠሩት ቢያውቅ ኖሮ ግን ማንም ባልሳቀ።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ጎረቤታቸው አቶ ዳኘ በሩን ገፍተው ገቡ። ወዳጃቸውን ገንዳው ጥግ ተጋድመው፣ ከራስ እስከ እግር ጋቢ ለብሰው አገኟቸው። ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉ ከማጅራታቸው የፈሰሰው ደም ሲሚንቶው ላይ ረግቷል።

ብዙም ሳይቆይ ኢንስፔክተር ሐዳሳ ደረሰች። ሐዳሳ በቅርብ ያለችው የፎንቆ ከተማ ልጅ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት። ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። መምህሩ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ክራባት አስረዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። ዓይናቸው ተከድኗል።

«ዓይናቸውን የከደኑት እርስዎ ነዎት ጋሽ ዳኘ?»

«እኔ ጋቢውን ከመግለጥ በቀር አልነካሁም። እንዲሁ እንደተሸፈኑ ነው ያገኘኋቸው።»

«በዚህ ሰዓት ለምን መጡ?»

«ትናንት ደውለው ‹አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለባብሰህ ና፣ አንድ ቤት አብረን እንሄዳለን› አሉኝ። የማን ቤት ብላቸው ‹ስትመጣ እነግርሃለሁ› ብለው ዘጉት።»

ሐዳሳ ቀና ብላ አየቻቸው። ሰው ወደየሥራው ሳይበተን፣ ማልዶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ የቤቱን ስም ደብቆ የሚኬድበት ጉዳይ አንድ ነው። መምህሩ መርዶ ሊነግሩ እየወጡ ነበር። የማንን መርዶ፣ ለማን?

መልሱን የጀመረላት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ደብተር ነው። በየቅዳሜው ተጽፎበታል። «ገነቴ መጣች። ልጇ ሞሮኒ ነኝ ብሏል። አስነካኋት።» «ገነቴ መጣች። አሁንም ሞሮኒ ነው።» የመጨረሻው የተጻፈው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፦ «ከሞሮኒ ፎምቦኒ፣ በአውቶብስ።» ሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ባዶ ነው።

አቶ ዳኘ ገነቴ ልጃቸው ሚክያስ ወደ ስደት የሄደባቸው የሰፈሩ እናት መሆናቸውን ነገሯት፤ ሌላም ነገር አስታወሱ። ሰኞ ከሰዓት መምህሩ ከደላላው ከባፈና ጋር መንገድ ላይ ሲጨቃጨቁ አይተዋል።

ባፈናን መናኸሪያ አገኘችው፤ ወያላው «አዲስ አበባ፣ አዲስ አበባ» እያለ በሚጮህበት በር ላይ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል።

«ከመምህሩ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«ሰውዬው በማያገባቸው ይገቡ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ልጅ ላክህ፣ ልጅ አጠፋህ ይሉኛል።»

«የገነቴን ልጅ ሚክያስን የላክኸው አንተ ነህ?»

«መንገድ አሳየሁት። ሞምባሳ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ኮሞሮስ በጀልባ። ከኮሞሮስ አልፎ አራተኛዋ ደሴት ማዮት አለች፤ እሷን የምታስተዳድረው ፈረንሳይ ናት። እዚያ እግሩ የረገጠ አውሮፓ እንደ ገባ ነው።»

«ከሞሮኒ ፎምቦኒ በአውቶብስ ስንት ሰዓት ነው?»

ባፈና ሳቀ። «ምን አውቶብስ አለና? ኮሞሮስ ሦስት ደሴት ናት፤ እያንዳንዷ የራሷ ገዥ፣ የራሷ አስተዳደር አላት። ሞሮኒ በአንዷ፣ ፎምቦኒ በሌላዋ ላይ ነው፤ መሃሉ ባሕር ነው።»

«ሚክያስ አሁን የት ነው?»

የሚሽከረከረው ቁልፍ ቆመ። «እኔ መንገድ ነው የማሳየው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያ በኋላ ያለው የራሳቸው ነው።»

ማክሰኞ ንጋት ላይ የት እንደነበረ መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የመጀመሪያውን አውቶብስ ሲያስጭን ግማሽ መናኸሪያ አይቶታል።

ገነቴ ቤት ስትደርስ በሩን የከፈተችላት ዮዲት ናት፤ የሚክያስ እህት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ። እናትየዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«መምህሩን በደንብ ያውቋቸው ነበር እማማ?»

«በየቅዳሜው እሄድ ነበር። ልጄ የት እንዳለ ልወቅ ብዬ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ የሚልከውን መልእክት ዮዲት ናት የምታነብልኝ፣ ካርታም ቢያሳዩኝ ወረቀት ነው የሚሆንብኝ። ጊዜ ወስደው ያንን ገንዳ ሠሩልኝ። ጣቴን ይዘው ‹ልጅሽ እዚህ ነው› ይሉኛል።»

ሐዳሳ ደብተሩን አስታወሰች፤ «አስነካኋት» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ወደ ዮዲት ዞረች። «አውቶብስ ያለበትን መልእክት እስቲ አንብቢልኝ።»

ዮዲት ስልኳን አወጣች። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ትናንት ከሞሮኒ ተነስቼ በአውቶብስ ፎምቦኒ ገባሁ። ከሆሳዕና ዱራሜ እንደ መሄድ ነው፤ ዞኑ ሌላ ይባላል እንጂ መንገዱ አንድ ነው።»

«ድምፁን ልኮ አያውቅም?»

«ኔትወርኩ ለድምፅ አይሆንም።»

«ማክሰኞ ሲነጋ የት ነበርሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን። የማለዳ ጸሎት አለን፤ አንድም ቀን አልቀርም።»

ይህ ሁሉ ሲባል ገነቴ የነጠላቸውን ጫፍ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ሐዳሳ እጆቻቸውን አይታለች። በዚህ ጉዳይ አይታ ያልተረዳችው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ብዙ አላስቸገራትም። «የጸሎት ቡድኑ ከእሑድ ጀምሮ ለኮንፈረንስ ጊምቢቹ ከተማ ሄዷል። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ዮዲትማ ከቀረች ዓመት አለፋት፤ ታማ እንደሆነ ብለን ስናዝን ነበር።»

ሐዳሳ ወደ ገንዳው ተመልሳ ብቻዋን ተቀመጠች። ነገሩ ገብቷታል፤ ደስ ግን አላላትም። ሃያ ዓመት ወንጀል ስትመረምር እውነቱን ለመናገር የፈራችበት ቀን አልነበረም። አሁን አፏን ከከፈተች ገዳዩን ከማጋለጧ በፊት ለአንዲት እናት መርዶ ነጋሪ መሆኗ ነው።

በሦስተኛው ቀን ለልቅሶው በተተከለው ድንኳን ሰዎቹን ሰበሰበች። አቶ ዳኘ፣ ባፈና፣ ዮዲትና እናቷ መጡ።

«እማማ ገነቴ፣ እርስዎ ቤት ውስጥ አረፍ ይበሉ» አለች ሐዳሳ።

«እዚሁ ነኝ ልጄ። ተናገሪ።»

ሁለት ጊዜ ለመነቻቸው፤ አልተነሱም። ሐዳሳ ዓይኗን መሬት ተክላ ጀመረች።

«መምህሩ መርዶ ሊነግሩ ለብሰው ነበር። በየቅዳሜው ከደብተሩ የማይጠፋው የአንዲት እናት ስም ነው፤ ስለዚህ የሚነገረው ስለ ልጇ ነው። የጠረጠሩት ከዚያ መልእክት በኋላ ነው። ሚክያስ ያን አገር በጀልባ የገባ ሰው ነው፤ ከደሴት ደሴት በአውቶብስ ሄድኩ ብሎ አይጽፍም። ባፈናም አይጽፍም፤ ባሕሩን አሳምሮ ያውቃል። የጻፈው ሰው ከዚህ ወጥቶ አያውቅም። ስልኩ ላይ ‹ሦስት የአስተዳደር ክፍሎች› የሚል አነበበ፤ እንደኛ ከሃዲያ ከምባታ በሚኒባስ የሚኬድ፣ አንድ መሬት ለሦስት የተከፈለ መሰለው።»

ባፈና አንገቱን ደፋ።

«መርዶ ደግሞ ለእናት በቀጥታ አይነገርም። አስቀድሞ ለቤቱ ሰው ይነገራል፤ እሷን ደግፎ የሚይዝ ያስፈልጋላ። ስለዚህ ከጋሽ ዳኘ በፊት ከዚያ ቤት አንድ ሰው ጠርተዋል። ያ ሰው ጋቢ አልብሷቸዋል፣ ዓይናቸውን ከድኗል። ለክፋት የመጣ ሰው ይህን አያደርግም፤ የሚወዳቸው ሰው ነው። ዮዲት፣ ማክሰኞ ጸሎት አልነበረም።»

ዮዲት አላስተባበለችም። «አሥራ አራት ወር ሆነው» አለች። «ወደ ማዮት ሲሻገሩ ጀልባው ሰጠመ። ባፈና ለእኔ ነገረኝ። ለእሷ እንዴት ልንገራት? ልቧ ደካማ ነው። ጸሎት ነው እያልኩ መናኸሪያ ሄጄ እጽፍ ነበር፤ መንገደኛ እያየሁ መጻፍ ይቀለኛል።»

«ለመምህሩም ሰኞ ዕለት ያመንኩት ይህንኑ ነው» አለ ባፈና፣ ቀና ሳይል።

«ማክሰኞስ?» አለች ሐዳሳ ዮዲትን።

«‹ዛሬ ትስማ› አሉኝ። አንድ ሳምንት ብቻ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ‹እናት ልጇን ሳታለቅስ መኖር የለባትም› ብለው ተነሱ። ወደ በሩ ሲሄዱ ኮታቸውን ይዤ ሳብኳቸው። እርጥቡ ሲሚንቶ አዳልጧቸው ማጅራታቸው የገንዳውን ጠርዝ መታው። ስጠራቸው ዝም አሉ። እንዲሞቱብኝ አልፈለግኩም፤ እንዳይሄዱ ብቻ ነበር። እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው።»

«ሰምቼ ነበር» አሉ ገነቴ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ሐዳሳም ዞረች፤ የሚታጠፈውንና የሚዘረጋውን ነጠላ ያን ጊዜ ተረዳችው።

«አውቶብስ ብለሽ ስታነቢልኝ፣ ያንን ውሃ በጣቴ ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ እኮ። ከአንዱ አንዱ በእግርም በመኪናም አይደረስም። ለመምህሩ ነገርኳቸው፤ ‹ጀልባውን ማለቱ ይሆናል› አሉኝ፣ ፊታቸው ግን ሌላ ነበር። ልጄ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ስታነቢልኝ ደስ ይልሽ ነበር። የምታነብልኝን ካሳጣኋት ልጅቷ ትሰበርብኛለች አልኩ። መምህሩንም ‹ተዉት፣ እሷ ራሷ እስክትነግረኝ ልጠብቃት› ልላቸው ነበር።» የነጠላቸውን ጫፍ አጠፉ። «ቅዳሜ ስሄድ ልነግራቸው ነበር።»

አቶ ዳኘ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። ገነቴ እጃቸውን ዘርግተው ዮዲትን አጠገባቸው አስቀመጧትና ለመጀመሪያ ጊዜ በልጃቸው ስም ጮኸው አለቀሱ፤ «ሚክያስ፣ ሚክያስዬ» እያሉ። ለመምህሩ ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ ለሁለቱም አለቀሰ። ዮዲትም አሥራ አራት ወር ያፈነችውን ልቅሶ እናቷ ጉልበት ላይ ለቀቀችው። ሐዳሳ ካቴናዋን ከኪሷ ሳታወጣ፣ ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ ከድንኳኑ ውጪ ቆማ ጠበቀች። ባፈናንም ከቆመበት እንዳይነቃነቅ አዘዘችው፤ እሱም የሚጠየቅበት ነገር አለ።

አመሻሹ ላይ ዮዲትንና ባፈናን ይዛ ሄደች። ገነቴን ጎረቤቶች በሁለት ክንዳቸው ደግፈው ቤታቸው አደረሷቸው። መርዶ የሰማች እናት ብቻዋን አትተውም፤ ከልጆቿ አንዱ አጠገቧ ያድራል። የዚያን ቀን ገነቴ አጠገብ ያደሩት ጎረቤቶች ናቸው።