ያልተጻፈለት እጅ

«እዚያ ጋ መልሺው» አላት አባቷ።

አቢጌል ስልኩ ላይ ቪዲዮውን ወደ ኋላ ጎተተችው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ደሴ በሚገኘው ትምህርት ቤቷ ለክፍሏ ተማሪዎች ታቀርበዋለች። የፊልም ክበቡ መምህር ወንድምአገኘሁ ያዘዟቸው የቪዲዮ ድርሰት ነው፤ ከአንድ ፊልም ቆርጠው፣ ተዋናዩ ሳይናገር በሰውነቱ ምን እንዳለ በራሳቸው ድምፅ ማስረዳት አለባቸው። እሷ የመረጠችው ከአምስት ዓመት በፊት የቤተ ክርስቲያናቸው የድራማ ቡድን ኮምቦልቻ ላይ የሠራውን ፊልም ነው። አባቷ መኳንንት ልጁ የሞተበትን ሰው ሆኖ ይጫወታል። መርዶ ነጋሪዎቹ ሲገቡ ቀኝ እጁ ይከዳውና የያዘው ብርጭቆ ይወድቃል።

ያንን እጅ ፍጥነቱን ቀንሳ አራት ጊዜ አሳይታዋለች። «ሐዘኑን የነገረን አፉ ሳይሆን እጁ ነው» የሚል ድምፅም ቀድታበታለች። ጓደኛዋ ዙበይዳ አይታው፣ «ወላሂ አባትሽ ይችላል፤ አንደኛ ነው የምትወጪው» ብላት ነበር።

አባቷ ደግሞ አየው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከሁለት ዓመት ወዲህ እንዲህ ነው፤ ሐኪሙ መድኃኒቱ ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም ብሏቸዋል።

«ይሄ ትወና አልነበረም» አላት። «ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ ነበር የተባልኩት። እጄ እምቢ አለኝ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔም ዝም አልኩ።»

«ያኔ ጀምሮህ ነበር?»

«ድካም መስሎኝ።»

አቢጌል ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ከካሜራው ጀርባ ቆመው ካጨበጨቡት አንዷ እሷ ናት። አሁን ፍጥነቱን የቱንም ያህል ብትቀንሰው፣ መሃል ላይ ብታቆመውም፣ ብርጭቆው መውደቁ አይቀርም።

«ላውጣው እንዴ? ሌላ ፊልም ልፈልግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ሥራው ያንቺ ነው።»

ፊቱን አየችው። በሽታው ፊቱንም እያደረቀው ስለሆነ እንደ ድሮው ምንም አይነበብበትም። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ መለየት አቃታት።

ከዚያ እጁ በሚታይበት ቦታ የቀዳችውን የራሷን ድምፅ አጠፋችው፤ መቅጃውን ከፍታ ስልኩን አስጠጋችለት።

«አሁን የነገርከኝን እንደገና በልልኝ፣ አባዬ።»

«ድምፄ እኮ አይሰማም።»

ተነስታ የባጃጆቹ ጩኸት የሚገባበትን መስኮት ዘጋች። ተመልሳም አጠገቡ ተቀመጠችና እስኪጀምር ጠበቀችው።