ታንኳውን ማን አቆመው?

እሁድ ማለዳ፣ ዓባይ ማዶ ሐይቁ ዳር፣ የአቶ ወልደ ዮሐንስ ሬሳ ደንገሉ መካከል በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘችው የቤት ሠራተኛው የብርጓል ናት። ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ግማሹ ለቅሶ ለሟቹ አልነበረም። ዓርብ ዕለት «እሁድ ከቅዳሴ መልስ የልጅሽን ነገር የሚያውቅ ሰው ራሱ ይነግርሻል» ብሏት ነበር። ልጇ ሣህሉ በሰባ ዓመተ ምሕረት ከተያዘ አራት ዓመቱ ነው። መሞቱን ሰምታለች፤ ማን እንዳስያዘውና የት እንደ ጣሉት ግን የነገራት የለም። አሁን ደግሞ ይነግርሻል ባዩ ራሱ ሞቶ አረፈው!

ፖሊሶቹ «ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ሰጠመ፣ በቃ» አሉ። መርማሪው መቶ አለቃ አዘዘ ግን ሬሳውን ትቶ ታንኳውን ይዞር ጀመር። ታንኳው ዳር ላይ ባለው ሾላ ግንድ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጭራው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ገብቶበታል፤ የተሠራበት ደንገል ገና አልደረቀም።

«እማማ፣ እርስዎ ነዎት ያቆሙት?»

«እኔ? ምን አቅም አለኝ ጌታዬ! ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰውዬውን ደኅና ትቼው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ እዚያው አደርሁ። ስመጣ ታንኳው እንዲሁ ቆሞ አገኘሁት።»

«ድንጋዩስ?»

«እሱማ የዚህ ቤት ሕግ ነው። ካልቆመ ይበሰብሳል፣ ድንጋይ ከሌለው ምስጥ ይበላዋል እያለ ተማሪዎቹን ቁም ስቅላቸውን ያሳያቸው ነበር።»

ተማሪዎቹ ሦስት ጠበቆች ናቸው። ወልደ ዮሐንስ ራሱ ሃያ ዓመት ጥብቅና ሠርቶ፣ አንድ ቀን እርግፍ አድርጎ ትቶ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጥብቅና ያንገሸገሸው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጁን ይጠናል። መጀመሪያ ሥራውን የጠላበትን ቀን በደብተር ያስጽፈዋል። ቀጥሎ «ጠበቃ ዝም ማለት ይልመድ» ብሎ ታንኳ ላይ ያወጣዋል፤ በመጨረሻ ሌላ ሙያ ያስይዘዋል። ሦስቱም ደብተሮች ከሣጥኑ ጠፍተዋል።

መጀመሪያ የተጠየቀችው የሺመቤት ናት፤ የፋብሪካ ጠበቃ ነበረች።

«ታንኳ ላይ አንድ ቀን ወጣሁ፤ አስመለሰኝ። ልብስ ስፌት አስጀመረኝ። ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። መቅረት ይቻላል እንዴ?»

ዳኘው ደግሞ ዱርቤቴ ከተማ የመምህርነት ሥራ ይገኝልሃል ተብሎ ስለቀረበት በሟቹ ላይ አኩርፎ ነበር። አዘዘ ታንኳውን አጋደመና «እስቲ ያቁሙልኝ» አለው። ዳኘው እያለከለከ ግንዱ ላይ አስደገፈው፤ ድንጋዩ እግሩ ሥር ቀረ።

«ድንጋዩስ?»

«ኧረ ድንጋዩ! ስድስት ወር ሙሉ ተሰድቤበት አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም።»

ሦስተኛው መርስዔ ኀዘን የካህናት ልጅ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ትሕትናው የበዛ። ጥብቅናን ትቶ መጽሐፍ በቆዳ መደጎስ ይማራል። የብርጓልን «እናቴ» ነው የሚላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእጇ ይጎርሳል። ያን ዕለትም እንባዋን በነጠላው ጠረገላት።

«ትናንት በጊዜ ነው የተለያየነው፤ እግዜር ያውቃል» አለ።

ከሰዓት በኋላ አዘዘ ሁሉንም ሾላው ሥር ሰበሰበ። ታንኳውን አስቀድሞ ውሃው ጠርዝ ላይ አስጋድሞታል። ስለ ሟቹ ደግነት ወሬውን አስረዘመው። መርስዔ ኀዘን ዓይኑ ታንኳው ላይ ነው። ኋላ አላስችል አለው።

«ይቅርታ፤ እንዲህ ተጋድሞ እኮ ይበሰብሳል» ብሎ ተነሣ። አንሥቶ ግንዱ ላይ አቆመው፤ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ ጭራው ሥር አስገባና እጁን እየጠረገ ተቀመጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ አዘዘ። «የሰጠመ ሰው ታንኳውን አያቆምም፤ ሬሳው ሲገለበጥም አንገቱ ላይ የጣት ምልክት ታይቷል። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበረ። ድንጋይ የዚህ ቤት ሕግ ነው፤ ስለዚህ ከሦስታችሁ አንዱ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ አጣርቻለሁ። አቶ ዳኘው ድንጋዩ ትዝ አይላቸውም። አንተ ግን ሰው አንቀህ ውሃ ከከተትህ በኋላም አልረሳኸውም።»

«ታንኳ ማቆም ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ቀትር ላይ ቤትህ ተፈትሾ የሁለቱ ባልደረቦችህ ደብተር ተገኝቷል። የራስህን አጥፍተህ የሰው ምሥጢር አስቀመጥህ። ጠበቃ ነህና ለክፉ ቀን የሚሆን ወረቀት መጣል አልሆነልህም። ዛሬ የልጃቸውን ነገር ለእማማ ይነግራል የተባለው ሰው አንተ ነህ?»

መርስዔ ኀዘን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሣህሉ መሸሸጊያ ፈልጎ ቢሮዬ መጣ። ጠብቀኝ ብዬው ወጣሁና ለአብዮት ጥበቃ ነገርሁ። እንኳን ሊከሱኝ አጨበጨቡልኝ! ወልደ ዮሐንስ ግን ለእናቱ ካልነገርህ አትድንም፣ አንተ እንቢ ካልህ እኔ እነግራታለሁ አለኝ። ያጎረሰችኝን እጅ እያየሁ እንዴት ብዬ?»

የብርጓል አልጮኸችም። ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«የት ጣላችሁት? እሱን ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ አልልህም።»

አፉን ከፈተ። የአዘዘ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲጠብቀው አየ። የስንት ወር ትምህርት በአንድ አፍታ ከላዩ ረገፈ።

«ከዚህ በላይ ቃል አልሰጥም» አለ።

«ልጄ፣ የት ነው?»

«መብቴ ነው።»

በካቴና አስረው መኪና ላይ ጫኑት። የብርጓል «የት ነው? የት ነው?» እያለች እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ተከተለች። ዞር ብሎም አላያት።