ዝገት ያልነካት መኪና

በረዶ እስከ ጣሪያ በሚከመርባት በናጋኦካ ከተማ ዳርቻ፣ ቶኩጂ ኩራሞቺ የሚባል ሰው ከሚስቱ ከፉሳኤ ጋር ይኖር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የአንድ ፋብሪካ ባለቤት ሾፌር ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ይነዳት የነበረችውን ጥቁር የቅንጦት አውቶሞቢል ከአሠሪው ላይ ገዛት። ያቺን መኪና እንዴት ይወዳት ነበር! ጠዋት ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ያብሳታል፤ የመቀመጫዎቿን ነጭ ዳንቴል በየሳምንቱ ያስለውጣል፤ ዘይት የተቀየረበትን ቀን ሳይቀር በደብተር ይጽፋል። ፉሳኤ እየሳቀች፣ «ሁለተኛ ከተወለድኩ ያንተ መኪና ሆኜ ነው የምወለደው» ትለው ነበር። አንድ የማይሻር ሕግም ነበረው። በረዶ ከጣለ መኪናዋ ከጋራዥ አትወጣም። በረዶውን ለማቅለጥ በጎዳናው ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላላ!

አንድ የየካቲት ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ደዋይዋ በካሺዋዛኪ ከተማ ተድራ የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ቺዙሩ ነበረች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል።

«አባዬ፣ ሆዴን ቆረጠኝ... ታክሲ የለም ይሉኛል። ና ውሰደኝ።»

ቶኩጂ በመስኮት አሻግሮ መንገዱን አየ። በረዶው ይወርዳል፤ የጨው መኪናዋ ቀስ እያለች ታልፋለች። «እስኪ ደግመሽ ደውይ፤ ታክሲ አይጠፋም» አላት። «ያለጊዜው ምን ይመጣል ብለሽ ነው? እናትሽም አንቺን ስታረግዝ እንዲሁ ያማት ነበር።»

ታክሲው ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረሰ። ሐኪም ቤት ስትገባ የልጇ ልብ መምታት አቁሞ ነበር... ወንድ ልጅ ነበር። ቶኩጂ ሲመሽ ፍራፍሬ በእጁ ይዞ፣ በጫማው ላይ በረዶ እንደተጋገረ ክፍሏ ገባ። ቺዙሩ ጫማውን አየችና ቀና አለች።

«ዛሬም በአውቶቡስ ነው የመጣኸው?»

ፍራፍሬውን አልጋዋ አጠገብ አስቀመጠ። ምን ይበላት? ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉም መልሳ አላዞረችለትም። ለእናቷ ትደውላለች፤ እሱ ስልኩን ካነሳ ትዘጋዋለች። እሱም አንዲት ደብዳቤ ጽፎላት አያውቅም። መኪናዋን ግን ማበሱን አላቆመም። ምን ያድርግ? እጁ ሌላ የሚያስታምመው ነገር አልነበረውም!

በዘጠነኛው ዓመት በመኸር ፉሳኤ ታመመች። ቆሽቷ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ሐኪሙም «ሳምንታት ናቸው የቀሯት» ብሎ ለብቻው ነገረው። እሷም ሳይነግራት አውቃዋለች። አንድ ቀን ከሰል የመሰለ ፊቷን ወደ እሱ መልሳ፣ «የቺዙሩ አባት፣ ሽጣት» አለችው። «ልጄ ለለቅሶዬ ስትመጣ ያቺን መኪና ደጄ ላይ እንዳታያት።»

በማግስቱ ማስታወቂያ አወጣ። ሊገዛ የመጣው ሴኪያ የሚባል፣ አፉ የማያርፍ ዓሣ ነጋዴ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፤ ካርቶን አንጥፎ የእጅ ባትሪ ይዞ ከሥሯ ገባና ጮኸ።

«ኧረ የኔ አባት! በዚህ በረዶ አገር አንዲት ነጥብ ዝገት የለባትም እኮ! ኧረ እንዴት ቢይዟት ነው? ልጅ እንኳ እንዲህ አይያዝም!»

ቶኩጂ ተንሸራትቶ ከጎማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴኪያ ደንግጦ ከሥር ወጣ፤ «አመምዎት እንዴ? ውኃ ላምጣ?» አለው።

«በረዶ አስነክቻት አላውቅም» አለ ሽማግሌው። «አንድ ቀን ግን... አንድ ቀን ማውጣት ነበረብኝ። አንተ ከተጠራህ ውጣ። ጨውም ይሁን እሳት፣ ውጣባት!»

ሴኪያ ምንም ባይገባው እንኳ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳውና መኪናዋን ይዞ ሄደ።

ቶኩጂ በማግስቱ በባቡር ካሺዋዛኪ ወረደ። በሩን የከፈተችው ቺዙሩ ነበረች። ጸጉሯ ሸብቷል።

«እናትሽ እየሞተች ነው። መኪናዋን... ሸጥኳት።»

«መኪናዋ ምን አደረገችኝ?» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «እኔ የደወልኩት ለመኪና ነው እንዴ? ለአባቴ ነው የደወልኩት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ‹ጥፋቴ ነው› ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ሽማግሌው በሩ ሥር ካለው የጫማ ማውለቂያ ቦታ ላይ ተንበረከከ፤ ግንባሩ ቀዝቃዛውን ወለል ነካ።

«ጥፋቴ ነው። እያወቅሁ ነው የቀረሁት... ልጄ፣ እያወቅሁ ነው።»

ቺዙሩ በቁሟ አለቀሰች፤ ረጅም አለቀሰች። ከዚያ ኮቷን አነሳች። «ተነስ፤ እማዬን አሳየኝ» አለችው።

ፉሳኤ መናገር አቅቷት ነበር፤ ግን የሁለቱን እጆች ደረቷ ላይ አንድ ላይ ይዛ ሦስት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ጣቶቿ ላሉ።

አስከሬኗ ከተቃጠለ በኋላ፣ በአገሩ ወግ፣ አባትና ልጅ ከአመዱ አጥንቷን ሊለቅሙ ጎን ለጎን ቆሙ። አንዱን አጥንት ሁለት ሰው በየራሱ የእንጨት መቆንጠጫ እኩል ይዞ ነው የሚያነሳው። ቶኩጂ መቆንጠጫውን ዘረጋ። ቺዙሩ ክንዱን በግራ እጇ ደገፈችው።

«ስሙን ነግሬህ አላውቅም» አለች ቀና ሳትል። «ኢፁኪ ነው ያልኩት።»

«ኢፁኪ...» አለ አያቱ። የልጅ ልጁን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። እንባው አመዱ ላይ ጠብ አለ።

ዕድል ለዚህ ሰው ይቅርታን የሰጠችው ሚስቱን ወስዳ ነው። ቀድማ ብትሰጠው ምን ነበረበት? ወይስ እጇን ዘርግታ ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች? እንግዲህ ይህን ማን ያውቃል! ያን ቀን ግን ሁለቱ አንዲት ትንሽ ነጭ አጥንት በመካከላቸው ይዘው፣ እንዳትወድቅ ተጠንቅቀው፣ አብረው አነሷት።