የሸክላ ሠሪው ጠጠር

በጎራምባ ሁለት ክረምት ዝናብ አልጣለም። መጀመሪያ በሬ ሞተ፤ ቀጥሎ ሕፃን። ሰው የሞተ በሬ ቆዳ ቀቅሎ በላ። የንጉሥ ድርባስ ጎተራ ግን ሙሉ ነበር፤ ቁልፉም በአንገቱ።

በዚያ አገር ንጉሥ በጠጠር ይሾማል፣ በጠጠር ይሻራል። በሰባት ዓመት አንዴ ሰው በገዛ እጁ ጠጠሩን ከታላቁ እንስራ ይጥላል፤ ነጩ ያጸናል፣ ጥቁሩ ያወርዳል። ያለ እንስራው ፍርድ የለም። ሰባተኛው ዓመት ዘንድሮ ነበርና ድርባስ የሚጠብቀውን አወቀ። እንስራውን ሰርቆ በግራምት ተራራ ዋሻ ደበቀው፤ በሩ ላይም ቆዳው ደንጋይ የሆነውን አውሬ፣ ሞግድን አሰረ።

ሁለት ወንድሞቿን በራብ የቀበረችው ወጣቷ ትብለጥ በአደባባይ ጦሯን ተከለች። «እንስራውን ሳልይዝ ብመለስ የወንድሞቼ አፈር ይፋረደኝ!» ስትል ማለች። አጎቷ ዳምጠውና ሽማግሌው ሸክላ ሠሪ አባ ጉርሙ ተከተሏት።

«አባ ጉርሙ» አለ ዳምጠው በመንገድ፣ «ሸክላ ሠሪ ጠጠር አይጥል። ገል ሊለቅሙ ነው የወጡት?»

«እንስራውን የሠሩት ሰባተኛ አያቴ ናቸው። ‹ሥራልን፤ አንተም ልጆችህም ትጥላላችሁ› ብለው የአገሩ አባቶች ማሉላቸው። እስከ ዛሬ እንጠብቃለን። ገሉንም ቢሆን እለቅማለሁ።»

ዳምጠው ሳቀ። በማግስቱ ከዋሻው በር ሲደርሱ ሞግድ ዳምጠውን ከወገቡ ቆርጦ ጣለው። ትብለጥ ጦሯን ሰነዘረች፤ በደንጋዩ ቆዳ ላይ ተሰበረ። አባ ጉርሙ ሮጠው ቀኝ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ከአውሬው ጉሮሮ ከተቱ።

«አፉን ከፍቼልሻለሁ! ውጊው!»

በስባሪው ላንቃውን እስከ አንጎሉ በሳችው። አውሬው ሲሞት መንጋጋው ገጠመ፤ የሽማግሌው እጅ እዚያው ቀረ።

እንስራውን አዝላ፣ ሽማግሌውን ደግፋ አደባባይ ደረሰች። «ግደሏት!» አለ ድርባስ። ወታደሮቹም ቤታቸው ራብ ገብቷል፤ አልተንቀሳቀሱም።

«ልጄ፣ ደክሞኛል። አንቺ ጣዪልኝ» አሉ አባ ጉርሙ።

«አይሆንም አባባ። ጠጠር በአደራ አይጣልም።»

የሸንጎው አለቃ መንገዱን ዘጉ። «የሸክላ ሠሪ እጅ ከዚህ እንስራ አይገባም!»

«የሠራው የማን እጅ ሆነና? እኔም እርስዎም አንፈርድም፤ ሕዝቡ ይፍረድ! የአባቶቻችንን መሐላ የምታጸኑ ተነሡ!» አለች ትብለጥ።

አንዲት መበለት ተነሣች። ከዚያ ጎረቤቷ። ከዚያ አደባባዩ ሁሉ።

አባ ጉርሙ በግራ እጃቸው ጥቁሩን ጣሉ፤ ትብለጥ ትከሻ ላይም ሞቱ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቁሩ በልጦ ድርባስ ተሻረ፤ ወታደሮቹ ቁልፉን ካንገቱ በጠሱት። ጎተራው ሲከፈት የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ግን አልሮጠም። አንድ በአንድ እየጣለ በሰልፉ ቆየ። የመጨረሻዋ አሮጊት ጠጠሯን ስትጥል የሸንጎው አለቃ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሷት። የሰባት ትውልድ ዕዳ ተከፈለ።