የማርታ ክር በእማማ ኤልካ ጓሮ

ሬሳው በእማማ ኤልካ ጓሮ፣ በሱቃቸው ግድግዳ ላይ በተተከለው ኤቲኤም የኋላ መዝጊያ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። መዝጊያው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሟቹ ሜቶዲ ጋይዳሮቭ ከዋና ከተማዋ ከሶፊያ፣ ባንኮችን ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ነው። የዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ በመንደሩ አዳራሽ ቆሞ፣ የክሩሾቫ ላካ መንደር የመጨረሻ ኤቲኤም ይነሣ ወይስ ይቆይ፣ ውሳኔውን በቃሉ ሊናገር ነበር። ሕጉ ባንክም ሆነ የማሽን ኩባንያ ያለ ተቆጣጣሪ ፈቃድ የአንድን መንደር የመጨረሻ ኤቲኤም እንዳይነቅል ይከለክላል። ነገር ግን ሕግ አውጪዎቻችን አጥር ሲያጥሩ አንድ ቀዳዳ መተው ይወዳሉ፤ ተቆጣጣሪው በቀጠሮው ሰዓት ዝም ካለ እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። ማሽኑን የሚጭነው መኪናም ገና በማለዳ ከሱቁ ፊት ቆሞ ሞተሩን ያጓራ ነበር።

ኢንስፔክተር ኔዳ ካራሊዬቫ በጭጋግ ተራራውን ተሻግራ ስትደርስ የመንደሩ ፖሊስ ሳጅን ቦጎሚል ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት።

«ገዳዩን ይዤዋለሁ» አላት። «አይብ ሻጩ ፔንኮ ነው። ከንቲባው ቢሮ ቆልፌበታለሁ።»

«ሲገድል አየኸው?»

«ሲፎክር ሰማሁት እንጂ! ትናንት እራት ላይ ‹ይቺን ማሽን የሚያስነሣ ከዚህ መንደር በእግሩ አይወጣም› እያለ ሟቹ ፊት ጠረጴዛ ሲደበድብ አመሸ።»

«ፉከራማ አንተስ ጡረታ እወጣለሁ እያልክ ስንት ዓመትህ ነው?» አለችና አልፋው ገባች።

ጓሮው በረጅም ግንብ የታጠረ ነው፤ ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ከግንቡ ጫፍ በቀር ምንም አያይም። ውጭው ሁሉ በረዶ ለብሷል። እዚህ ግን የእማማ ኤልካ ዳቦ ምድጃ ግድግዳውን ስለሚያሞቀው መሬቱ እርጥብ ጭቃ ነው። የበሩ ብረት መወርወሪያ ደም ለብሶ ከአንዲት ፕሪም ዛፍ ሥር ወድቋል። ሰውዬው የተመታው ማጅራቱን ነው። ጉልበቱ ላይ ጭቃ አለ፤ ተንበርክኮ ወደ ማሽኑ ሆድ ሲመለከት ነበር ማለት ነው።

ኔዳ እጅጌውን ገለጥ አደረገች። አንጓው ላይ የማርታ ክር፣ ቀዩና ነጩ፣ እንደታሰረ ነው። ከዚያ ቀና አለች። ፕሪሟ ነጭ አበባ አውጥታለች። ዝቅ ባለው ቅርንጫፏ ላይ ደግሞ ሌላ የማርታ ክር ተንጠልጥሏል።

ማርች ሲገባ አንዳችን ለአንዳችን የምናስረው ክር ነው። ሽመላ ወይም ያበበ ዛፍ ሳይታይ አይፈታም፤ ሲታይ ግን ወዲያው ተፈትቶ ቅርንጫፉ ላይ ይታሰራል። ይህን ለማድረግ ማናችንም አናስብም። እጃችን ከልጅነታችን ጀምሮ ያውቀዋል።

ሬሳውን ያገኙት የሱቁና የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እማማ ኤልካ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ፊታቸውን በሻርፓቸው ይጠርጋሉ።

«እማማ፣ ዛፏ መቼ አበበች?»

«ትናንት ሲመሽ እንጨት ላወጣ ስገባ እምቡጥ ነበረች፣ ልጄ። ዛሬ ጎሕ ከቀደደ በኋላ ሬሳውን አይቼ ስጮህ ነው አበባዋን ያየሁት። ምነው ዓይኔ በጠፋ!»

«ቅርንጫፏ ላይ ያለውን ክር ያውቁታል?»

«እንዴት አላውቀው! ቀዩ ከገዛ ካልሲዬ የተተረተረ ነው። ሦስቱ እንግዶች ያለ ክር ቢመጡብኝ ደብሮኝ፣ ትናንት እራት ላይ ቁጭ ብዬ ሠርቼ አሰርኩላቸው። ለሟቹ፣ ለማሽን ኩባንያው ሰውዬና ለባንኳ እመቤት። ለሌላ ለማንም አልሠራሁም።»

«የጓሮው ቁልፍስ?»

«ምግብ ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ነው የሚውል። ማንም ያነሣዋል።»

«የክሩን ነገር ለማንም እንዳይናገሩ፤ ለሳጅኑም ቢሆን» አለች ኔዳ።

ፔንኮ ከንቲባው ቢሮ ውስጥ እንደ ታሰረ ወይፈን ይንጎራደዳል።

«ገደልከው?»

«እኔ? በቡጢ ልለው ተመኝቻለሁ፤ ያ ወንጀል ከሆነ እሰሪኝ!»

«ምን አደረገህ?»

«ጡረታ በሚገባበት ሳምንት ሁሉ ማሽኑ ባዶ ነው። ሽማግሌዎቹ ካርዳቸውን ይዘው በረዶ ላይ ቆመው ይመለሳሉ። አይቤን የሚገዙኝ እነሱ ናቸው፤ እኔ ካርዳቸውን በምን ላንብበው፣ በፍየል ቀንድ? ይህን ሁሉ ለሰውዬው ነገርኩት። ፊቱ ድንጋይ! ‹ሰምቻለሁ› ብሎኝ ሾርባውን መጠጣት።»

«ማሽኑ ቢነሣ ምን ትሆናለህ?»

የፔንኮ ድምፅ ወረደ። «በጎቼን ሸጬ ከተማ እወርዳለሁ። የሰው ዘበኛ ልሆን። ምን ምርጫ አለኝ?»

የማሽን ኩባንያው ወኪል አስፓሩህ ዲምኪን መኪናው አጠገብ ቆሞ ያጨሳል። ሲጋራውን ወደ አፉ ባነሣ ቁጥር የማሽን ቅባት የነካው የማርታ ክር ከእጅጌው ብቅ ይላል።

«በጡረታ ሳምንት ማሽኑን ባዶ የምታደርገው አንተ ነህ?»

«ባንኩ ገንዘብ ካልላከ ከኪሴ ልሙላው? ተጠቃሚ ሲያንስ ማሽኑ አያስፈልግም ለማለት ይመቻል። እኔ ታዛዥ ነኝ።»

«የማን ታዛዥ?»

የአስፓሩህ ዓይን ወደ እንግዳ ማረፊያው ሰገነት ሄደ።

«ጎሕ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«ከሾፌሩ ጋር የዚህን አሮጌ መኪና ሞተር ሳሞቅ። ጠይቂው። ደግሞ እኔን ከምትነዘንዢ ሥራሽን ሥሪ፤ እኩለ ቀን ሲሆን ማሽኑን እጭናለሁ።»

የባንኩ ጠበቃ ቪህራ ጻንኮቫ ወደ መንገድ በሚያየው የሰገነት ክፍሏ ውስጥ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር።

«ያ ባላገር ተይዟል አይደል? ታዲያ እኔን ምን ያቆየኛል?»

«ወደ ጓሮው ገብተው ያውቃሉ?»

«የፍየል በጠጥ ልረግጥ? እግሬም አልደረሰ! ትናንት ከእራት ወደ ክፍሌ ገባሁ፤ ዛሬ ሴትዮዋ እስክትጮህ አልወጣሁም።» የሻንጣውን ዚፕ ሳብ ስታደርግ እጅጌዋ ተሰበሰበ። አንጓዋ ባዶ ነው።

«ክርዎን በጥሰው ጥለውት እንደሆነ እማማ ኤልካ ይቀየማሉ» አለች ኔዳ፣ ለወሬ ያህል። «የከተማ ሰው ወግ አያውቅም ይላሉ።»

የቪህራ ፊት ቲማቲም መሰለ። «እኔ ነኝ ወግ የማላውቅ? ከዚህ የባሰ ተራራ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ! ጊዜው ሳይደርስማ አልፈታሁትም!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ኔዳ። የዚያን ዕለት ይቅርታ የጠየቀችው እሷን ብቻ ነው።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መንደርተኛው አዳራሹን ሞላው። ፔንኮን በካቴና አስገቡት። ቪህራ የፊት ወንበር ላይ ሆና ሰዓቷን ትመለከታለች።

«ተቆጣጣሪው አልተናገረም» አለች ልክ እኩለ ቀን ሲሆን ተነሥታ። «ዝምታ ፈቃድ ነው። አስፓሩህ፣ ጫን!»

«ምን ያስቸኩላታል ይቺን! ገና ሬሳው ሳይነሣ!» ብሎ ጮኸ ፔንኮ።

«ሁለታችሁም ተቀመጡ» አለች ኔዳ። «ጋይዳሮቭ የተገደለው ተንበርክኮ፣ በተከፈተው መዝጊያ ውስጥ ሲያይ ነው። ስለዚህ መዝጊያውን ላሳይህ ብሎ የጠራው ሰው አለ። ፔንኮ ቢጠራው በምን ይከፍተዋል? ሳጅን፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሃል ይኼ ነው። ፍታው።»

ቦጎሚል እያጉረመረመ ካቴናውን ፈታ።

«ገዳዩ ቀድሞ ገብቶ ጠብቋል። ሲጠብቅ ቀና አለ። ፕሪሟ አብባለች። እጁም የለመደውን አደረገ፤ ክሩን ፈትቶ ቅርንጫፏ ላይ አሰረ። ሰው ሊገድል የመጣ ሰው!» ኔዳ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር እንዳየች ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። «ያ ክር ከእማማ ኤልካ ካልሲ የተተረተረ ነው። ሦስት እንግዶች ብቻ ናቸው ያሰሩት። የሟቹ አንጓው ላይ አለ። የአስፓሩህም አለ። እመቤት ቪህራ፣ የእርስዎስ?»

ቪህራ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

«ጥዬዋለሁ!» አለች ቪህራ። «አንዱ አንሥቶ አስሮት ይሆናል።»

«ለኔ ግን ጊዜው ሳይደርስ አልፈታሁትም ብለውኛል። ጊዜው እንዴት ደረሰ? ምን አይተው?»

«መንገድ ላይ ሽመላ አይቼ...»

«በዚህ በረዶ ሽመላ ካየሽ እኔም ጳጳስ ነኝ!» አለ ፔንኮ፤ ሰዉ ሳቀ።

«ደግሞ ከመንገድ ደርሰው እራት ላይ ነው የታሰረልዎ» አለች ኔዳ። «ከዚያ ወዲህ በዚህ ተራራ ላይ ያበበች ዛፍ አንዲት ናት፤ እሷም አልገባሁበትም ካሉት ጓሮ ውስጥ በቀር አትታይም። በውሸታምነት ልከስዎ መጥቼ ቢሆን ዝም ይሉኝ ነበር። ወግ አያውቁም ስልዎ ግን አላስቻለዎትም። አመል ያወጣል ከመሃል።»

ቪህራ ወደ አስፓሩህ ዞረች። «የመዝጊያው ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው! እሱን ጠይቁት!»

«እኔ ላይ?» አስፓሩህ ከመቀመጫው ዘለለ። «ትናንት ማታ አይደለም ‹አምጣው› ብለሽ የወሰድሽብኝ? ማሽኑን ባዶ አድርገው ያልሽኝስ አንቺ አይደለሽም? ሰውዬው ደርሶበት ‹የጥብቅና ፈቃድሽን አስነጥቅሻለሁ› ሲልሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«አንተ ልክስክስ!» አለች። የገዳይዋ የመጨረሻ ቃል ይኸው ሆነ። ሳጅኑ ከፔንኮ የፈታውን ካቴና እሷ እጅ ላይ አሰረው፤ ባዶው አንጓዋ ላይ።

አስፓሩህ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያም ሆነ ይህ እኩለ ቀን አልፏል። ሰውዬው አልተናገረም። ማሽኑ ይነሣል፤ ሕግ ነው።»

«የቱ ማሽን?» አለች ኔዳ። «ሰው የተገደለበት? እሱ እኮ ማስረጃ ነው። የመጨረሻው ፍርድ ሳይሰጥ አንድ ብሎን አይፈታም። ቆሞ እስካለ ድረስ ደግሞ ገንዘብ መሙላት ግዴታችሁ ነው፤ ይህም ሕግ ነው።»

«ክሱ ስንት ጊዜ ይወስዳል?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«አያቴ ስለ ድንበር የከሰሱትን ክስ አሁን የምከራከረው እኔ ነኝ» አለች ኔዳ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፔንኮ ብቻ አልሳቀም። ሰዉ ሲበተን ወደ ኔዳ ቀረበ።

«ሰውዬው ምን ሊወስን ነበር?»

«ይነሣ ሊል ቢሆን ኖሮ ማን ይገድለው ነበር?»

ፔንኮ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ጨመደደው። «ፊቱ ላይ እኮ ጮህኩበት። ‹ሰምቻለሁ› ሲለኝ እኔን የናቀኝ መስሎኝ...»

ሬሳው ተነሥቶ ጓሮው ሲከፈት ፔንኮ ገባና ፕሪሟ ሥር ቆመ። የራሱን ክር ፈትቶ አሰረ። ከዚያም ወደ ምድጃው በር ዞሮ እማማ ኤልካን ተጣራ።

«እማማ፣ ያ ካልሲ ተርፏል? አንድ ክር ደግሞ ይሥሩልኝ፤ ስለ ሟቹ ላስር። ሰውዬው ፕሪሟን ቀና ብሎ ሳያያት ነው የሞተ።»