ፕላስተር ያልተለጠፈበት ውሃ

ዌንደል ቲብስ በሳውናው የጋለ ክፍል ውስጥ፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ላብ የሚያወጣው የፕላስቲክ ልብስ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። አጠገቡ ክዳኑ ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል።

መርማሪ ኖርማ ሃስኬል ደጃፉ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። እሷም ወፍራም ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት፣ ጉልበቷ ደግሞ ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ወደዚህ የካሊፎርኒያ እርሻ ስትገባ የቀረጻ ሠራተኞቹ ከእግር እስከ ራሷ ሲመዝኗት አውቃባቸዋለች። ለምዳዋለች፤ ቢሆንም አንጀቷን ማሳረሩ አልቀረም።

«ዛሬ የሚዛን ቀን ነው» አለች ካንዲስ ሞርላንድ፣ የውፍረት ቅነሳ ውድድሩን ለቴሌቪዥን የምታዘጋጀው። «ከመመዘናቸው በፊት ውሃ ትተው፣ ላብ አውጥተው ጥቂት ፓውንድ ለመጣል ይሞክራሉ። እንከለክላለን፤ ተደብቀው ያደርጉታል። ምስኪን፣ ራሱን ገደለ።»

«እንዴት ነው የምትከለክሉት?»

«አስፈርመናቸዋል።»

«እሱማ አይቀርም» አለች ኖርማ።

ሬሳውን ያገኘው አሰልጣኙ ብሮክ ደንሊ ነው። «ሦስት ሰዓት ላይ እዚህ አየሁት» አለ። «ውሃ ከማእድ ቤታቸው ይዞ ነበር። ጠጣ ብለው እምቢ አለኝ። ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ቀረጻ ሄድኩ።»

«ወገብህ ላይ የምትጠመጥመው ቀይ ላስቲክ የት ሄደ? በቴሌቪዥን ያለ እሱ አይቼህ አላውቅም።»

«ፕሮግራማችንን ታያለሽ?»

«እናቴ ነበረች የምታየው። ስኳር እግሯን ካስቆረጣት በኋላ፣ ሶፋ ላይ ሆና። እያለቀሰች ታየው ነበር።»

ብሮክ ዓይኑን ሰበረ። «መኪና ውስጥ ይሆናል» አለ።

ኖርማ ስትወጣ የሳውናውን በር እጀታና አጠገቡ ያለውን የፎጣ መስቀያ ብረት በጣቷ ዳሰሰች። ጣቷ ቀይ ሆነ።

ማእድ ቤት ውስጥ የሟቹ እህት ሉርሊን ተቀምጣለች። ከሚሲሲፒ ጥንድ ሆነው ነው የመጡት። ከፊቷ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል፤ ወንድሟ በገዛ ፈቃዱ ሳውና እንደገባ የሚመሰክር ነው።

«ፈርሚ ይሉኛል።»

«ቆይ፣ አትፈርሚ።»

«ቢሆንስ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እሜቴ። ዛሬ ከሁለታችን ትንሽ የቀነሰው ወደ ቤት ይሸኛል። እሱ እንዲቀር ብዬ ሽንት የሚያሸናውን የደም ግፊት ኪኒኔን ሰጠሁት። እዚህ ሐኪም አለ። እኛ አገር ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ቀን ነው።»

«እዚያ ምን ትበሉ ነበር?»

«የተገኘውን። ትልቁ ሱቅ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ። የቀረን የነዳጅ ማደያው ነው፤ የተጠበሰ ዶሮ፣ ቺፕስ፣ ለስላሳ። ጎመን ልግዛ ቢሉ አርባ ማይል ይነዳሉ፤ እኔ ደግሞ ከዶሮ ፋብሪካ ፈረቃ ስወጣ መቆምም አልችል። በእግሬ ልሂድ ቢሉ መንገዱ ዳር የለው፣ የጭነት መኪና ይድጥዎታል። እነዚህ ግን በየሳምንቱ ካሜራ ፊት አቁመው ‹ራስሽን ለምን እንዲህ አደረግሽ?› ይሉኛል።»

ኖርማ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። የወተቱም፣ የእንቁላሉም፣ የውሃውም ስም በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል።

«ያልከፈለ ድርጅት ስሙ በቴሌቪዥን አይወጣም» አለች ሉርሊን። «ሳይለጠፍበት እዚህ የሚገባ ነገር የለም። ለመደብንና ዌንደል የጥርስ ሳሙናውን ሳይቀር ይለጥፍ ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ የዌንደል ስም የተጻፈበት ትልቅ የውሃ ጀሪካን አለ፤ እስከ ማታ በየሰዓቱ የሚጠጣው መጠን በመስመር ተለክቶበታል። ባዶ ነው።

«ይሄን መቼ ጨረሰው?»

«ቁርስ ላይ። ‹ሆዴ ሲንቦጫረቅ ይሰማሻል?› ብሎ አሳቀኝ።»

ኖርማ የአዘጋጆቹን ቢሮ አየች፤ ወደ ሳውናውም ተመልሳ ሬሳውን ፈተሸች። ከዚያ ካንዲስን፣ ብሮክንና ሉርሊንን ትልቁ ሚዛን ባለበት አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ጥግ ላይ የአንድ ካሜራ መብራት በርቷል።

«መጀመሪያ እሱን አጥፉት» አለች። ካንዲስ በምልክት አስጠፋችው።

«ክብደት ሊቀንስ ያሰበ ሰው የቀኑን ውሃ በቁርስ አይጨርስም። ዌንደል መክበድ ነበር የፈለገው፤ እሱ ተሸኝቶ እህቱ እንድትቀር።»

ሉርሊን ቀና አለች። «ኪኒኑስ?»

«ካልሲው ውስጥ አገኘሁት። አልዋጠውም፣ ልጄ። አንቺ አልገደልሽውም።» ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «መክበድ የፈለገ ሰው ሳውና አይገባም፤ ያን ልብስ አልብሶ ያስገባው አለ። አጠገቡ የቆመው ጠርሙስ ፕላስተር የለውም፤ ከማእድ ቤቱ አልመጣም። እንዲህ ዓይነቱ የሚገኘው የአዘጋጆቹ ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ ቁልፉም በካንዲስና በብሮክ እጅ ነው። ካንዲስ ጠዋቱን ሙሉ ከስምንት ሠራተኞች አልተለየችም። አንተ ግን ‹ከማእድ ቤታቸው ይዞ ነበር› አልከኝ፣ ብሮክ። በሩም ላይ የላስቲክህ ቀይ ቀለም ቀርቷል። እጀታውን ከፎጣ መስቀያው ጋር አስረህበት ሄድክ፤ ስትመለስ ፈትተህ፣ እምቢ ያለ እንዲመስል ውሃ አቆምክለት።»

ብሮክ ሚዛኑ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ክብደቱ ግድግዳው ላይ በትልቁ በራ። ማንም አላነበበውም።

«ሲጠጣ ያዝኩት» አለ። «ከብዶ ቡድኔን ሊያስሸንፍብኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር ያልኩት። ቀረጻው ረዘመና ረሳሁት። እኔም በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሦስት መቶ ፓውንድ ነበርኩ። ማንም አላዘነልኝም፤ የዳንኩት በዚያ መስሎኝ ነበር።»

«በሩን ሲደበድብ አልሰማህም?»

«ሁሉም ይደበድባሉ።»

ኖርማ ወደ ካንዲስ ዞረች። «አንቺ ደግሞ ወረቀትሽን ከአምቡላንሱ ቀድመሽ አደረስሽ።»

ብሮክን ከወሰዱት በኋላ ኖርማና ሉርሊን ደጁ ላይ ተቀመጡ። ኖርማ ቅጹን አወጣች፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት። ክብደትን ዘለለችው። «ሥራው?»

«የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።» ሉርሊን እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይሄንንም ይጻፉልኝ፣ እሜቴ። ሌሎቹ ሹፌሮች ልጁ ደጅ ካልቆመ ያልፋሉ። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅ ነበር። አንድም ቀን ሰው ረስቶ አልሄደም።»

ቅጹ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ አልነበረውም። ኖርማ ገለበጠችውና ጀርባው ላይ ጻፈችው።