ባለሦስት እግሩና ቢጫው መስመር

ሬሳው ሳይነሳ መርማሪዋ መንገዱን አየች። ከሟቹ ቤት እስከ መታጠፊያው ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ሁለት ጥቁር የጎማ ጭረቶች ሳይታጠፉ ሄደው መታጠፊያው ላይ ካለው ግንብ ሥር ያልቃሉ። የሟቹ ባለሦስት እግር ሞተር ብስክሌት ፊቱ ተጨፍልቆ ቆሟል። በልዩ ትእዛዝ የተሠራ ነው፤ ሺህ ስምንት መቶ ሲሲ፣ አምስት መቶ ኪሎ፣ የኋላ ማርሽ ያለው፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ክንድ ያህል የረዘመ።

የፊት ፍሬን ቱቦው በስለት ተቆርጧል። ከመቀመጫው ሥር የሟቹ ታናሽ ወንድም ሰንጢ ተገኘ። ወንድምየው ወዲያው በካቴና ታሰረ።

«ሰንጢው የኔ ነው» አለ፣ በቀኝ እጁ ላቡን እየጠረገ። «መካኒኩ ጋራዥ ረስቼው ከጠፋኝ ሰነበተ። በሰው ደም እስር ቤት ልበሰብስ ነው?»

ሞተሩን የሠራው መካኒክ ጋራዡ ውስጥ ወንበር በግራ እጁ ጠርጎ ሰጣት።

«ተቀመጪ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ብሎኖቹ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ምንድን ነው?»

«አጥብቄ ስጨርስ ከብሎኑ እስከ ብረቱ አሰምራለሁ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። ሟቹ ሳያየው አይነሳም ነበር።»

«ያምንዎት ነበር ማለት ነው።»

«መስመሩን ነው ያመነው።»

የሟቹ ሚስት አላለቀሰችም። «አምና የመካኒኩን ሴት ልጅ እዚያው መታጠፊያ ላይ ገጭቶ ገደላት። ወንድሙ ‹ዘላ ገባችበት› ብሎ መሰከረለት፤ በነፃ ወጣ። ከዚያ ሞተሩን እንዲሠራለት አባቷን አዘዘ። ሥራ ሲሰጠው የካሰው መስሎት! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም ሞተሩ አጠገብ አቆመቻቸው።

«ጭረቶቹ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው። የኋላ ፍሬኑ ይዟል። ቱቦው አልገደለውም።»

«ብያለሁ እኮ!» አለ ወንድምየው።

«አንተ ዝም በል» አለች ሚስትየው። «ምላስህ ነው እዚህ ያደረሰን።»

«ባለሁለት እግር ቢሆን ሰውነቱን አዘንብሎ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ይሄ ግን አይዘነብልም፤ የሚታጠፈው በመሪው ብቻ ነው።» መርማሪዋ መሪውን ከሹካው ጋር ወደሚያስረው ብሎን ጠቆመች። «መስመሩን እዩ። አልተሰበረም።»

ከዚያ በሁለት ጣቷ አዞረችው። ብሎኑ ዞረ።

«መሪውን ቢያዞር ጎማው አልዞረለትም። ብሎኑ መንገድ ላይ ላልቶ ቢሆን መስመሩ ይሰበር ነበር። መጀመሪያ ብሎኑን አላልተው ኋላ አሰመሩበት፤ ሟቹ አይቶ እንዲያምን። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ፤ የግራኝ እጅ ነው። ይሄም እንደዚያው። ወንድምየው በቀኙ ነው የሚሠራው። ቱቦውና ሰንጢው እሱን ለማስጠየቅ ነው። ጋሼ፣ ተሳሳትኩ?»

መካኒኩ አልካደም።

«ለገዳዩ ሞት፣ ለመስካሪው እስር ብዬ ነበር። አንዱን አስቀረሽብኝ፣ ልጄ።»

የወንድምየው ካቴና ተፈታ። የእጁን አንጓ እያሻሸ፣ መካኒኩን ሳያይ ተናገረ።

«ልጅዎ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። እሱ ነው ከመንገድ ወጥቶ የገጫት። አይቻለሁ።»



«ይህን ያኔ ብትል ኖሮ» አለ መካኒኩ፣ «ይህ ብሎን አይላላም ነበር።»

ሁለት እጁን ለካቴናው ዘረጋ፤ ግራውን አስቀድሞ።